ከአይስክሬሙ ለውዙንና ጨዉን ወደድን
(በአዋሽና በሰመራ ቡድኖች የጋራ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሰመራ እህቶቻችን ከተዘዋዋሪው ገንዘባችን ፍሪዘር ገዝተን የታሸገ አይስክሬም እንድንሸጥ ሐሳብ አቅርበዋል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ ይህ ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። ስለዚህ ከመወሰናችን በፊት ቀምሰን፣ መዝነን፣ አስልተን እንምከር ተባባልን።

ከአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት የለውዝ ቅቤና ፕሬትዝል ያለበት አይስክሬም ሁለት ሣጥን አስመጣን። ፕሬትዝል እንደ ገመድ ተቋጥሮ የሚጋገር፣ ጨው የተነሰነሰበት ደረቅ ብስኩት ነው። ሳንከፍተው ጽሑፉን አነበብን። ጄላቲን ከእንስሳት የሚሠራ ማርጊያ ስለሆነ ሙስሊም እህቶቻችን ምንጩን ሳያውቁ አይቀምሱትም። በዚህኛው ውስጥ አልነበረም።

የመጀመሪያውን ሣጥን አዋሽ ላይ ቀመስነው። ፊት የሚመጣው ጣፋጩ ነው፤ ቀጥሎ የተቆላው ለውዝ፣ በመጨረሻ ጨዉ። ስኳሩ እንዳያሰለች ያደረገው ጨዉ ነው። የአፍዴራ ጨው የስንቱን ቤት ወጥ እንደሚያጣፍጥ ለምናውቅ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ፕሬትዝሉን ግን እንደ ቆሎ እንቆረጥመዋለን ብለን ስንጠብቅ እርጥበት ገብቶበት ለስልሶ አገኘነው።

ሁለተኛው ሣጥን በአይስቦክስ ሰመራ ደረሰ። መንገድ ላይ በከፊል ስለቀለጠ ፍሪዘር አስገብተን መልሰን አረጋነው። በማንኪያ ጫፍ ስንሞክረው አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ከፍታውም ጎድሏል። አይስክሬም ሲሠራ በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ የበረዶው ቅንጣት ደቃቅ ነው። ቀልጦ በዝግታ ሲረጋ ግን ቅንጣቱ ያድጋል፣ የተመታበት አየርም ይወጣል። ቀልጦ የረጋ አይስክሬም ጀርም ሊራባበት ስለሚችል ለደንበኛ አይሸጥም።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። ሣጥኑ ላይ የተጻፈው 500 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሚዛን ላይ ስናስቀምጠው ግን ከ300 ግራም እምብዛም አላለፈም። ቀሪው አየር ነው። አይስክሬም ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት። ከአዲስ አበባ እስከ ሰመራ በረዶው፣ ከዚያ በኋላ የፍሪዘሩ መብራት፣ መብራት ሲጠፋ የጄኔሬተሩ ነዳጅ፣ ሁሉም ወጪ ነው። ነዳጅ በታጣ ቀን ትርፉ ቀርቶ ዋናውም ይቀልጣል። ያ ዋና ደግሞ ከየመቀነታችን እየፈታን በየወሩ የቆጠብነው ነው።

ከሣጥኑ ውስጥ ሁላችንም የወደድነው ለውዙንና ጨዉን ነው። ሁለቱም ፍሪዘር አይጠይቁም። በለውዝ የታወቀች ባቢሌ አለችልን። እዚሁ በአዋሽ ሸለቆ ያለው የወረር ግብርና ምርምር ማዕከልም የተሻሻሉ የለውዝ ዝርያዎችን አውጥቷል። ለውዝ ቆልቶ፣ ገለባውን አራግፎ፣ ፈጭቶ ጨው መጨመር እጃችን የለመደው ሥራ ነው። ወተት ስለሌለበት ክርስቲያን እህቶቻችን በጾም ይበሉታል፤ ለሙስሊሞቹም ለስሑር ይሆናል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለው። የሻገተ ለውዝ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ ቢቆላም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ስለዚህ በደንብ የደረቀውን መግዛት፣ የሻገተውን፣ የተጨማደደውንና ቀለሙ የተለወጠውን አንድ በአንድ መልቀም ግዴታችን ይሆናል። የለቃሚዎች የሥራ ሰዓትም ከወጪ ይቆጠር፤ የሴት ጉልበት ነፃ ነው ተብሎ መዝገብ ላይ አይዘለል።

ስለዚህ የሂሳብ ክፍላችን ሐሳብ ይህ ነው፦ የፍሪዘሩ ግዢ ይቆይ፤ ከተዘዋዋሪው ገንዘብ ትንሹ ወጥቶ የለውዝ ቅቤ ለሦስት ወር እንሞክር፤ ገቢና ወጪው በየወሩ ለሁለቱም ቡድኖች ይነበብ። አጋሮቻችንም ልትረዱን ብትሹ ወፍጮና ሚዛን ይቅደምልን። የሰመራ እህቶቻችን የተሻለ ስሌት ካላችሁ አቅርቡልን፤ ገንዘቡ የሁላችንም ስለሆነ ከድምፁ በፊት እንስማችሁ።