ከዲኤንኤ ጋር የሚጣበቅ መድኃኒትና የገንዲ ጉዳይ

(ሸነን ላይ በተደረገው የማኅበራችን መገናኛ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራውን በሚገባን ቋንቋ ንገረን» ስላሉኝ ቀመሩን ትቼ ከከብት ልጀምር።

ሸነን ደጋ ስለሆነ ገንዲ እዚህ ብዙም አያስቸግርም። ወደ ኖኖ፣ ወደ ጊቤ ሲወረድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቆላ ዝንብ ትሪፓኖሶማ የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ከከብት ወደ ከብት ያስተላልፋል፤ በሬው ይከሳል፣ ደም ያንሰዋል፣ በእርሻ ወቅት ይተኛል። ገበሬው የሚገዛው ቢጫ ዱቄት ዲሚናዚን ይባላል። ብዙዎቻችሁ «ቤሬኒል» በሚለው የንግድ ስሙ ታውቁታላችሁ።

ታዲያ እንዴት ይሠራል? ዲኤንኤ እንደ ተጠማዘዘ መሰላል ነው። በመጠማዘዙም ጎኑ ላይ ሁለት ቦይ ይፈጠራል፤ አንዱ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ። ዲሚናዚን እንደ ማጭድ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ጠባቡ ቦይ ውስጥ ልክክ ብሎ ይተኛል፤ በተለይ «ኤ» እና «ቲ» የሚባሉት ፊደላት በበዙበት ቦታ። ተሕዋሱ ደግሞ ኪኔቶፕላስት የሚባል ነገር አለው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ የዲኤንኤ ቀለበቶች እንደ ሰንሰለት የተያያዙበት፣ በ«ኤ» እና በ«ቲ» የተሞላ። ይህ የእኛም የከብቱም ሴል ውስጥ የለም። የመድኃኒቱ ዕድል እዚህ ላይ ነው።

ሌላው የገንዲ መድኃኒት ሆሚዲየም ግን በመሰላሉ እርከኖች መካከል ነው የሚሰካው። ላቦራቶሪ ውስጥ ኤቲዲየም ብለን ዲኤንኤ የምናቀልምበት እሱው ነው። እኛ በጓንት የምንነካውን ገበሬው ላሙን ሲያስወጋበት ኖሯል፤ ይገርማል እኮ! ለካንሰር የሚሰጠው ዶክሶሩቢሲንም እንዲሁ ይሰካል፤ ጤነኛውን ሴል ስለማይምር የታካሚው ፀጉር ይረግፋል።

የእኔ ሥራ አዲስ ውህድ ሠርቶ ከዲኤንኤ ጋር ማሞቅ ነው። ዲኤንኤ ሲሞቅ ሁለቱ ክሮች ይለያያሉ፤ ውህዱ አጥብቆ ከያዛቸው የበለጠ ሙቀት ይፈልጋሉ። ጥቂት ዲግሪ ከፍ ሲል ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ግን መጣበቅ ብቻውን ምን ዋጋ አለው? መጀመሪያ መግባት አለበት። በአንዱ የትሪፓኖሶማ ዝርያ እንደታወቀው፣ ዲሚናዚን የሚገባው ተሕዋሱ ምግቡን በሚያስገባበት በር ነው። በሩ ከተለወጠ መድኃኒቱ ደጅ ይቀራል።

ይህ ሩቅ አገር ያለ ወሬ እንዳይመስላችሁ። በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በዚሁ በጊቤ ሸለቆ ዲሚናዚንን፣ ሆሚዲየምንና አይሶሜታሚዲየምን፣ ሦስቱንም የተላመደ ተሕዋስ መገኘቱን ገልጿል። ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱ አካል ተገጣጥሞ የተሠራ ነው፤ ሦስት መድኃኒት አለን ስንል ምርጫችን የሚመስለንን ያህል ሰፊ አይደለም።

ተሕዋሱን ከሚያላምዱት ነገሮች አንዱ ከመጠን በታች መውጋት ነው። 1.05 ግራም ዲሚናዚን የያዘው ፓኬት፣ በኪሎ 3.5 ሚሊግራም ሲሰላ፣ ለ300 ኪሎ ነው፤ አንድ ደህና በሬ ማለት ነው። ለሦስት ከብት ሲያካፍሉት አይቻለሁ። ገበሬው ላይ አልፈርድም፤ ኪሱን አውቃለሁ።

በመካከላችን የእንስሳት ሐኪሞችና መድኃኒት ሻጮች አላችሁ። የከብቱን ደረት ዙሪያ በሜትር ለክታችሁ ክብደቱን ገምቱ፣ ፓኬቱንም በዚያው ልክ ስጡ። ተወግቶ ያልዳነ ከብት ሲገጥማችሁ ደግሞ ሌላ መርፌ ከመጨመራችሁ በፊት ደሙ ይመርመር። እኔ አዲስ ውህድ እስካደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ እስከዚያ የኖኖ ገበሬ እጅ ላይ ያለው ያው ቢጫ ዱቄት ነው።