ለእንጀራ እናት የሚሟገት ተረት



ልጆች ገና ፊደል ሳይቆጥሩ የሚያውቋትና የሚፈሯት አንዲት የተረት ሴት አለች፤ የእንጀራ እናት። ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ይህቺን ሴት የታሪኩ ባለቤት አድርገን እንደገና ብንተርክ ምን እንደምናገኝ ለማሳየት ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጉዳዩን ከመዝገቡ እንጀምር። ያኮብና ቪልሄልም ግሪም የተባሉት ጀርመናውያን ወንድማማቾች የሰበሰቧቸውን ተረቶች በ1812 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳትሙ፣ ስኖው ኋይት በተባለችው የተረት ልጅ ውበት ቀንታ ልታስገድላት የተነሳችው ወላጅ እናቷ ነበረች። በ1819 እትም ግን እናቲቱ ልጇን ወልዳ እንድትሞት ተደረገ፤ ቅናቱም የግድያ ሙከራውም ወደ እንጀራ እናት ተላለፈ። በሃንሰልና ግሬትል ተረትም ልጆቹ ጫካ ይጣሉ ያለችው እናት በ1840 እትም የእንጀራ እናት ሆና ወጣች። መጽሐፉ በየቤቱ ለልጆች የሚነበብ እየሆነ ሲሄድ የእናትነትን ክብር መጠበቅ ስላስፈለገ ክሱ ወደ ሌላ ሴት ዞረ። በወሊድ የሚሞቱ እናቶች በበዙበት በዚያ ዘመን ደግሞ የእንጀራ እናት የሩቅ ፍጥረት አልነበረችም። ተረቱ ሲነበብ እዚያው ቤት ተቀምጣ የምትሰማ፣ የሌላ ሴት ልጆችን የምታሳድግ ሰው ነበረች። ይህን ሳስብ ያመኛል።

አሁን ሃንሰልና ግሬትልን ቀረብ ብለን እንመልከት። አገሩን የእህል እጦት መትቶታል። በእንጨት ቆራጩ ቤት የሚጠብቅ አራት አፍ ነው፤ ዳቦው ሊያልቅ ነው። ሴቲቱ ልጆቹን ጫካ ውስጥ እንተዋቸው ትላለች፤ ባልየው ያንገራግርና ይስማማል። ብዙ ተራኪ የሚዘለው ቦታ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ልጆቹ ጫካ ውስጥ እሳት ዳር ተቀምጠው የመጥረቢያ ድምፅ ይሰማሉ፤ አባታችን በቅርብ ነው ብለውም ይጽናናሉ። የሚሰሙት ግን መጥረቢያ አይደለም። አባትየው ከደረቀ ዛፍ ጋር ያሰረው ቅርንጫፍ ነው፤ ነፋስ ወዲያና ወዲህ እያላጋ ያንኳኳዋል። ልጆቹን ያታለለው የአባት እጅ ነው ማለት ነው። በመጨረሻ ዕንቁ ይዘው ሲመለሱ አንገቱ ላይ ይጠመጠማሉ፤ ከተለዩት ወዲህ አንድም ደስ ያለው ሰዓት እንዳልነበረ ይነገረናል። ሴቲቱስ? ሞታለች። እንዴት እንደሞተች፣ ተጸጽታ እንደሆነ፣ ማን እንደቀበራት የሚነግረን የለም።

ይህን ተረት ከእሷ ወገን ቆሜ ብጽፈው የምጀምረው ሁሉም ተኝቶ እሷ ብቻዋን የቀረውን ዱቄት ከምትለካበት ሌሊት ነው። በዚያ ቤት አራቱም ሊያልቁ እንደሆነ በአፏ ያወጣችው እሷ ናት። ሆኖም ነጻ አላወጣትም። ልጅን ጫካ መጣል ጥፋት ነው፤ ረሃብም አያጥበውም። አንባቢ እንዲያዝንላት የምሻው ጥፋቷን ዓይኑ እያየ ነው።

የዘመናችን ተራኪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። በ2014 የወጣውንና አንጀሊና ጆሊ የተወነችበትን ማሌፊሰንት የተባለ ፊልም ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። በ1959ኙ የዲስኒ ፊልም ሕፃኗን የምትረግመው ክፉ ሴት እዚህ ባለታሪክ ሆናለች። የምትወደው ስቴፋን ዙፋን ለማግኘት ብሎ ክንፎቿን ቆርጦ ይወስድባታል፤ እሷም በበቀል ልጁን ትረግማለች። ከዚያ ሕፃኗን እያየች ውላ ስታድር ትወዳታለች፤ እርግማኗን ልታነሳ ብትሞክር እምቢ ይላታል። የፊልሙ ትልቅ ነገር ይህ ነው፦ በገዛ አፏ የተናገረችውን መመለስ ያቃታት ሰው። ነገር ግን ፊልሙ ክፋት የሚጫንበት ሌላ ጀርባ ፈለገ፤ ስቴፋንንም እስከ መጨረሻው አጨለመው። አንዱን ጭራቅ ከወንበሩ አንስቶ ሌላ ማስቀመጥ እንደገና መተረክ ይባላል ብዬ አላምንም።

ከዚህ የተሻለ መንገድ የሚያሳይ ተረት በእኛው አገር አለ። ራስል ዴቪስና ብሬንት አሻብራነር የተባሉ አሜሪካውያን በ1959 ባሳተሙት የተረት መጽሐፍ ርዕስ ያደረጉት የአንበሳው ጺም ታሪክ ነው። ባለታሪኳ የእንጀራ እናት ናት። የሞተች እናቱን የሚናፍቅ ልጅ ምግቧን አልበላ፣ ፍቅሯን አልቀበል ይላታል። ወደ አዋቂ ሄዳ መድኃኒት ስትለምን፣ ከአንበሳ ጺም ነቅለሽ አምጪ ትባላለች። ሥጋ ይዛ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀረበች አንበሳውን ታለምዳለች፤ ጺሙንም ታገኛለች። አዋቂው መድኃኒት አይሰጣትም፤ ወደ ልጁም እንደዚሁ ቅረቢ ይላታል። በዚህ ተረት ውስጥ የሚጠላ ሰው የለም። ልጁ እምቢ ያለው ሐዘን ይዞት ነው፤ ሴቲቱም የደከመችው ስለወደደችው ነው። ተረቱ ጭራቅ ሳያስፈልገው ልብ ይሰቅላል፤ ምክንያቱም አንበሳው ፊት የምትቆመው ሴት በእርግጥ ልትሞት ትችላለች።

ደራሲያን፣ የድሮውን ክፉ ሰው ለመጻፍ ስትነሱ ቁስሉን ከውጭ አታምጡለት፤ ሃንሰልና ግሬትል ውስጥ እንደታሰረው ቅርንጫፍ ሰው ዘሎ ያለፈውን ፈልጉ። መምህራንና ወላጆች፣ ለልጆች ስትተርቱ ከሚሰሟችሁ መካከል በእንጀራ እናት እጅ የሚያድጉ እንዳሉ አትርሱ። የአንበሳውን ጺም ንገሯቸው።