የመታሰቢያ ቀንና የስም መዝገብ
(በእድራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች የአዲስ አበባን ሕዝብ ሦስት ቀን ፈጁት። እልቂቱ ሦስት ቀን ቢሆንም መታሰቢያው በአንድ ቀን ጸና፤ ስድስት ኪሎም ሐውልት ቆመ። የሟቾቹ ቁጥር ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ኢትዮጵያ 30,000 ስትል ያነሰ የሚሉም አሉ። ስማቸው በሙሉ ተመዝግቦ አልቀረማ!

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ከአጣዬ እስከ ሸዋ ሮቢት ብዙ ሰው አለቀ፤ ብዙ ቤት ነደደ። የሞቱበት ቀን እንደየሰፈሩ ይለያያል። ስለዚህ አንድ የመታሰቢያ ቀን እንዲታወጅልን እንጠይቅ እንላለን። ቀኑን ማወጅ የመንግሥት ነው፤ ስም መጻፍ ግን የእድር ሥራ ነው። ማን የት እንደተቀበረ፣ ማን ሳይለቀስለት እንደቀረ የሚያውቀው ጎረቤት ነዋ።

ከማመልከቻው ጋር መዝገብ እናያይዝ። ክርስቲያን እስላም፣ አማራ ኦሮሞ አርጎባ ሳንል፣ በግፍ የሞተ ሁሉ ይጻፍ። የጎረቤት ሟች የተዘለለበት መዝገብ ጠብ ያጭራል እንጂ መታሰቢያ አይሆንም።

ለሞቱት ምሕረቱን፣ ለቀሩት መጽናናቱን ይስጥልን።