ሠላሳ ሺህ ዱባ የተሸከመው መወጣጫ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ጊዜያዊ ግንባታዎች እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ አብዛኞቻችሁ ስለ ድልድይ ድጋፍ ወይም ስለ ኮንክሪት ቅርጽ ማውጫ የምናገር መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን የምነግራችሁ ስለ ዱባ ነው። ፈገግ ያላችሁትን አያለሁ፤ ጥቂት ታገሡኝ። ዘመኑንም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

በ2013 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፣ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በመከታተል ላይ ነበርሁ። በኦክቶበር ወር አንድ ቅዳሜ የክፍል ጓደኞቼ በኒው ሃምፕሸር ወደምትገኘው ኪን ወደምትባል ከተማ ወሰዱኝ። ኪን 23,000 ያህል ሕዝብ የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። ነዋሪዋ ከ1991 ጀምሮ በየመከሩ ወራት ዱባ እየፈለፈለ፣ ዓይንና አፍ እያወጣ፣ ውስጡ ሻማ እያበራ በአደባባይ የመደርደር ልማድ ነበረው። ነገሩ ከሃሎዊን በዓል ጋር የተያያዘ ነው። አየርላንዳውያን በአገራቸው ሳሉ የሚቀርጹት ተርኒፕ የተባለውን ሥራ ሥር ነበር፤ ወደ አሜሪካ በተሰደዱ ጊዜ ግን ከዚያ የሚተልቅና ለመፈልፈል የሚቀል ዱባ አገኙ።

ለጉብኝት ሄጄ ሠራተኛ ሆኜ ዋልሁ። ጧት በአንድ ቤተሰብ ጓሮ ተቀምጠን ዱባ ስንፈለፍል፣ ክዳኑ በሰያፍ ካልተቆረጠ ወደ ውስጥ እንደሚወድቅ፣ ጭስ መውጫ ቀዳዳ ካልተተወለትም ሻማው አየር አጥቶ እንደሚጠፋ የአሥር ዓመት ልጅ አስተማረኝ። ከሰዓት በኋላ ወደ አደባባዩ ሄድን። በዚያም በብረት ቱቦ የተገጣጠሙ፣ እኛ ሕንፃ ስንሠራ የምናቆማቸውን የመሰሉ መወጣጫዎች እንደ ማማ ቆመው፣ በየደረጃቸው ሳንቃ ተጋድሞባቸው አየሁ። ዱባ ሁሉ ሲመጣ ይመዘገባል፤ ከዚያም በበጎ ፈቃደኞች እጅ ወደ ሳንቃው ይወጣል።

ባለሙያ ነኝና ዓይኔ ወደ ዱባው ፊት ሳይሆን ወደ ቱቦው መጋጠሚያ ሄደ። የተፈለፈለ ዱባ አማካይ ክብደቱን 4 ኪሎ ብለን ብንወስድ፣ 30,000 ዱባ 120 ቶን ይሆናል። ጭነቱ ሁሉ በአንድ ማማ ላይ ባይሆንም ቀላል አልነበረም፤ የተጫነውም በአንድ ቀን ውስጥ፣ ብዙውም እንደ እኔ ባለ ጀማሪ እጅ ነው። እኔም ቸኩዬ ኖሮ ከላይኛው ሳንቃ፣ ያውም ከአንድ ወገን ብቻ መደርደር ጀመርሁ። አጠገቤ የሚሠሩ አንዲት አሮጊት ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «ከታች ጀምር፤ ግራና ቀኙንም እኩል አድርግ» አሉኝ። ስለ መዋቅር ሚዛን ፈተና ከተቀመጥሁ ገና ሳምንት አልሞላኝም ነበር! ሴትዮዋ ግን ትምህርቱን ያገኙት ከዓመታት ልምድ ይመስለኛል።

ከሁሉ የከበደው ማብራቱ ነበር። የዓለም ክብረ ወሰን የሚቆጠረው በበራ ዱባ ብቻ ነው፤ ያልበራ አይቆጠርም። ነፋሱ አሥሩን ስናበራ ሦስቱን እያጠፋ አስቸገረን። የቀድሞው ክብረ ወሰን በ2006 በቦስተን የበራው 30,128 ነበር። በዚያች ማታ፣ በኦክቶበር 19 ቀን፣ በኪን የበራው 30,581 ሆነ። ቁጥሩ ሲነገር ጣቴ በሻማ ተጠብሶ፣ ልብሴ የተለበለበ ዱባ እየሸተተ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተቃቅፌ ጮህሁ። ከሕዝቧ ቁጥር የሚበልጥ ፊት በአንድ ጊዜ ያበራባት ከተማ ናት።

በማግሥቱ ይህን ሁሉ ለእናቴ በስልክ ነገርኋት። ዝም ብላ ከሰማችኝ በኋላ፣ «ለመሆኑ ያን ሁሉ ዱባ ማን በላው?» አለችኝ። ለመቀረጽ የሚዘራው ዱባ፣ ለምሳሌ ጆን ሃውደን የተባለ የማሳቹሴትስ ገበሬ በ1960ዎቹ መርጦ ያወጣው ዓይነት፣ ለወጥ የሚሆን ሳይሆን ለመልኩና ለጠንካራ አገዳው የተመረጠ መሆኑን አስረዳኋት። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል አይደል? «ፍሬውስ?» አለች። ፍሬው በባልዲ ሲደፋ በዓይኔ አይቻለሁና መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። ደስታዬ እውነተኛ ነበር፤ የእናቴም ጥያቄ እውነተኛ ነው።

አሁን ወደ ተጋበዝሁበት ጉዳይ ልመለስ። በዓመቱ፣ በ2014፣ ያው በዓል በተከበረበት ቀን፣ ከአደባባዩ ራቅ ብሎ ተማሪዎች በሚኖሩበት ሰፈር ብጥብጥ ተነሣ። ጠርሙስ ተወረወረ፤ መኪና ተገለበጠ፤ ፖሊስም አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። በ2015 የከተማው ምክር ቤት ለበዓሉ ፈቃድ ከለከለ፤ በዓሉም ላኮኒያ ወደምትባል ሌላ ከተማ ሄደ። ወደ ኪን የተመለሰው በ2017፣ በጣም አንሶ፣ ለሕፃናት ነው።

እኔ በዚያ ቅዳሜ የዱባውን ክብደት በኪሎ ስገምት፣ በመንገዱ ላይ የሚተራመሰው ሕዝብ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ከዚያስ ወዴት እንደሚሄድ አንድም ጊዜ አላሰብሁም። ሲያስቡ ያየሁት ቢኖር መንገድ ላይ ገመድ የሚዘረጉትን በጎ ፈቃደኞች ነው፤ እነሱንም ስንፍና መስሎኝ ታዝቤያቸው ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ድርጅት ለበዓል የሚያቆመውን የተመልካች መቀመጫ ሥዕል እንዳይለት አመጣልኝ። ምሰሶው፣ አግዳሚው፣ መጋጠሚያው ሁሉ ደኅና ነበር። ነገር ግን 2,000 ሰው የሚቀመጥበት መቀመጫ መውረጃው አንድ ብቻ ነበር። ይህንን ባነሣ ሥዕሉን ያመጡት ሰው፣ «እርስዎን የጠየቅንዎ እንዳይወድቅ ብቻ ነው» አሉኝ። ሁለተኛ መውረጃ በእርሳስ ሥዬበት ሳልፈርም መለስሁት። እስካሁን አልተመለሰልኝም።