በእጅ በተሠራ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ ስምና ጌጥ ስለ ማኖር
(በደብረ ማርቆስ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ አይደለም። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ እጅ በሚፈታበት በበጋ ወራት ከቀርቀሃ ስለሚሠራው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፣ ይልቁንም የሠሪው ስም በዘንጉ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ስም የተጻፈበት ዕቃ ለገዢ ዋስ ነው። መልካም ሆኖ ቢገኝ ገዢው ሠሪውን ፈልጎ ይመጣል፤ ቢሰበርም ተጠያቂው ይታወቃል። በጾም ወራት የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ ዘንግ ፈላጊም አይጠፋም።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከእርሻ ኮሌጅ እንደ ወጣሁ አንድ ዘንግ ሠርቼ ከመያዣው በላይ ስሜን በሰንጢ በጥልቅ ቀረጽሁበት። ዘንጉንም ለአንድ ሽማግሌ ሰጠሁ። በጣና ዳር ትልቅ አምባዛ ሲጎትቱ ዘንጉ ልክ ከፊደሉ ላይ ተሰበረ፤ ዓሣውም ከነመንጠቆው ሄደ። ሽማግሌው «ልጄ፣ ስምህን አሳመርህ፤ ዘንጉን ግን አደከምኸው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። በጮቄ ተራራ ሥርና በእንጅባራ አካባቢ የሚበቅለው የደጋ ቀርቀሃ ውስጡ ክፍት ነው። ብርታቱ ያለው በግድግዳው፣ ይልቁንም ጭረቱ ጥቅጥቅ ባለበት በውጭው ቆዳ ነው። ያን ቆዳ በሰንጢ መቁረጥ ጅማቱን መበጠስ ነው። ዓሣ ሲጎትት ደግሞ ጫናው የሚበረታው ከመያዣው አጠገብ ነው። የቆላው ሽመል ብዙውን ጊዜ ውስጡ ድፍን ስለ ሆነ ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን ባይቀረጽ ይመረጣል። ስለዚህ ስም ይጻፋል እንጂ አይቀረጽም።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ሦስት ዓመት የሞላውን ቀርቀሃ በበጋ ቁረጡ። ለጋው ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ነቀዝም ይወደዋል። የቆረጣችሁትን በጥላ ሥር አቁማችሁ ለሳምንታት አድርቁ።

ሁለተኛ፣ ስም ከመጻፋችሁ በፊት ዘንጉን ፈትኑ። በጫፉ ጥቂት ድንጋይ የያዘ ከረጢት አንጠልጥሉና ጎብጦ ቀጥ ብሎ መመለሱን እዩ። በተሰነጠቀ ዘንግ ላይ ስማችሁን አታኑሩ።

ሦስተኛ፣ ከመያዣው በላይ በሁለት አንጓዎች መካከል ቦታ ምረጡ። የቆዳው ልስላሴ ቀለም ስለማያስይዝ፣ ብልጭታው እስኪጠፋ ብቻ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሹት። በጫፉ በኩል አትጻፉ፤ ብዙ ስለሚጎብጥ ቅቡ ይሰነጠቃል።

አራተኛ፣ በእርሳስ ነድፋችሁ በጥቁር ቀለም ጻፉ። የብራና ጸሐፊዎች ከጥላሸት የሚያዘጋጁትን ቀለም ፀሐይ አያደበዝዘውም፤ ውሃ ግን ያነሣዋል። ስለዚህ አንድ ቀን ካደረቃችሁት በኋላ ቫርኒሽ በስሱ ሦስት ጊዜ ቀቡት። የፊተኛው ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትድገሙ። ቫርኒሽ ከሌለ የተልባ ዘይት ይሆናል፤ ለመድረቅ ግን ብዙ ቀን ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስባችሁ ነገር አለ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ራሱን በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። በሣር ቤት ውስጥ አትተዉት፤ በውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም በውሃ ነክራችሁ ቅበሩት።

አምስተኛ፣ ለጌጥ ከስሙ በላይና በታች ባለ ቀለም የጥጥ ክር አጥብቃችሁ ጠምጥሙ። ክሩ ያስጌጣል፤ ቀርቀሃውም እንዳይሰነጠቅ ያግዛል። በወረቀት የተጻፈ ምልክት ብትለጥፉም ከቫርኒሹ በታች ይሁን፤ አለዚያ ውሃ ያላቅቀዋል።

የሚጻፈውም የሠሪው ስም፣ አገሩ፣ የተሠራበት ወርና ዓመት፣ የዘንጉም ርዝመት ነው። በሌላ አገር ያሉ የታወቁ ዘንግ ሠሪዎችም ስማቸውንና የዘንጉን ርዝመት ከመያዣው በላይ ይጽፋሉ።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ይህን በቃል ብቻ አትንገሩ። እኩል ውፍረት ያላቸው ሁለት ዘንጎች ውሰዱ፤ አንዱን ቅረጹ፣ በሌላው ላይ ጻፉ። ከዚያ በገበሬው ፊት እኩል ድንጋይ ጨምሩባቸው። የትኛው ቀድሞ እንደሚሰበር ዓይኑ ያየ ሰው ሰንጢውን ወደ ኪሱ ይመልሳል። ይኸው ትምህርት ለዱላም ለዶማ እጀታም ይሠራል።

ስም የሚከበረው በፊደሉ ማማር ሳይሆን በዕቃው መበርታት ነው። አስቀድማችሁ ዘንጉን አበርቱ፤ ስማችሁን ከዚያ በኋላ ጻፉ።