«ቃል» የሚለው ቃል በሕግ ፊት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በሰፈራችን «ቃሌ ነው» ያለ ሰው ነገሩን ጨርሷል፤ ደግመን ብንጠይቀው እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። ሕግ ግን ይጠይቀዋል፤ ለማን ተናገርህ? በምን ጉዳይ? ማንስ ሰማ?

«ቃሉን ሰጠ» ማለት በመንደር ተስፋ ሰጠ ማለት ነው። በፖሊስ ጣቢያ ግን የሚያውቀውን ተናግሮ ተጻፈ ማለት ነው። ተከሳሽ ችሎት ሲቀርብ ደግሞ የእምነት ክህደት ቃሉን ይጠየቃል። እኔን እጅግ ያስደነቀኝ ይህ ነው፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ተከሳሹ ዝም ቢል እንደ ካደ እንዲቆጠር ደነገገ። ዝምታም ቃል ሆነ ማለት ነው!

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜንም ያውቃል። ሊሞት የተቃረበ ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር ሊበልጥ አይችልም፤ ተናዛዡም ድኖ ሦስት ወር ከኖረ ኑዛዜው ይቀራል።

ወላጆቻችንን ይበልጥ የሚነካው የቤት ሽያጭ ነው። ገዢው ገንዘቡን ቆጥሮ አስረክቦ፣ ቃል ተቀብሎ ሄደ እንበል። ሻጩ ሲሞት ወራሾቹ «ጽሑፉን አሳየን» ቢሉት ምን ያሳያል? ገንዘቡን ለማስመለስ ይከራከር ይሆናል፤ ቤቱን ግን በቃል ብቻ አያገኝም። አንዳንድ ሽማግሌዎች ሕጉ የሰውን ቃል አቃለለው ይላሉ። እኔ ግን ሕጉ የፈራው ውሸታሙን ብቻ ሳይሆን ሞትንና መርሳትንም ነው እላለሁ። ስለዚህ የቤት ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ተዋዋዮቹ እንዲፈርሙበት፣ ሁለት ምስክሮችም እንዲያረጋግጡት አዘዘ።