ባለ ሰፊ ስክሪን ላፕቶፕ ለቤት አገልግሎት



ከአራት ዓመት በፊት፣ በማግሥቱ የማስረክበውን የድልድይ ንድፍ በቤቴ በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ስሠራ መብራት ድንገት ቢጠፋ፣ የሦስት ሰዓት ድካሜ አብሮ ጠፋ። በዚህም ምክንያት ባለ 17.3 ኢንች ላፕቶፕ ገዛሁ። የስክሪኑ ስፋት ከባለ 15.6 ኢንቹ በ23 በመቶ ያህል ስለሚበልጥ ንድፍ ለማየት ይመቻል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ባትሪው ነው። 80 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ መሣሪያው 40 ዋት ቢፈጅ፣ ሁለት ሰዓት ያሠራል።

ይሁን እንጂ ግዙፍ ላፕቶፕ ከጠረጴዛ ስለማይነሣ ሌት ተቀን ከሶኬት አይነቀልም። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ዘወትር ሙሉ ሆኖ በሙቀት ውስጥ ሲቆይ ቶሎ ያረጃል። እኔም ይህን የተረዳሁት ዘንድሮ መብራት በጠፋ በዐሥረኛው ደቂቃ ላፕቶፑ ሲዘጋብኝ ነው።

ባትሪውን አስለውጬ ሙሌቱ ከ80 በመቶ እንዳያልፍ ገደብሁ። የሥራው ጊዜ ወደ 96 ደቂቃ ዝቅ ቢልም ዕድሜው ይረዝማል። በየሦስት ወሩም ከሶኬት ነቅዬ ጊዜውን እለካለሁ። መሐንዲስ የመሥሪያ ቤቱን መጠባበቂያ ጄኔሬተር እየፈተሸ፣ የገዛ ቤቱን መጠባበቂያ ሳይፈትሽ መተማመኑ አግባብ አይደለም።